ልጅ ማሳደግ ከባድ መሆኑን ለልጄ እንዴት ልንገራት?

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በ17 ዓመቴ ነው። አሁን እሷ 16 ዓመት ሆኗታል፣ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ 14። ባለፈው አንድ ዓመት ሕፃን ማሳደግ ምን እንደሚጠይቅ ለሁለቱም ላስተምር ብዬ ተነሳሁና መጀመሪያ ነገሩን ክፉኛ አበላሸሁት። በኋላ ባላሰብኩት መንገድ ተቃናልኝ። እናንተም ቤት በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ካለ፣ ቢያንስ የእኔን ስህተት እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

ለብዙ ዓመታት ዝም ብዬ ነበር። ልጆቼ መደመርና መቀነስ ይችላሉ፤ የእሷን ዕድሜ ከእኔ ዕድሜ ለመቀነስ የሒሳብ መምህር አያሻቸውም። ያውቃሉ፤ እንደሚያውቁም አውቃለሁ። ነገሩ ሲነሳ ግን ወሬ እቀይራለሁ፣ ወይም አንድ የረሳሁት ሥራ ትዝ ይለኛል። «ጊዜው ሲደርስ እነግራቸዋለሁ» እያልኩ ራሴን ሳታልል ጊዜው እኔን ሳይጠብቅ ደረሰ።

አንድ ቀን ማምሻውን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ የክፍል ጓደኛዋ አርግዛ ትምህርት እንዳቋረጠች ነገረችኝ። እኔ ድንጋጤዬን ለመዋጥ ስታገል እሷ ጫማዋን እያወለቀች፣ «እኔ ግን ብዙም አላዘንኩላትም። ቢያንስ የራሷ የሆነ፣ ሁሌ የሚወዳት ሰው ታገኛለች» አለች።

ይቺን ሐሳብ አውቃታለሁ። በ17 ዓመቴ እኔም አስቤያታለሁ። ለዚህ ይሆናል ያን ያህል የጦፍኩት። የዓመታት ዝምታዬ በአንድ ትንፋሽ ተዘረገፈ። ስንት ሌሊት እንዳልተኛሁ፣ ጓደኞቼ እንዴት አንድ በአንድ እንደራቁኝ፣ ትምህርቴን እንዴት እንዳቋረጥኩ፣ ምን ለመሆን አስቤ ምን ሆኜ እንደቀረሁ፣ ሁሉንም አወረድኩት። የማስተምራት መስሎኝ ነበር። ስጨርስ ልጄ ፊቷ ተለዋውጦ ቆማለች።

«ታዲያ ሕይወትሽን ያበላሸሁት እኔ ነኛ?»

«አይደለሽም» አልኳት፤ ግን ዘግይቼ። ከጥያቄዋ እስከ መልሴ የነበረችውን አጭር ዝምታ ሰምታታለች። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ከ«እሺ» እና ከ«አይ» ውጪ የረባ ነገር አላወራችኝም።

በተለይ እንደ እኔ በለጋ ዕድሜያችሁ የወለዳችሁ ካላችሁ ይቺን ልብ በሉልኝ። ስለ ሸክሙ ስታወሩ የምታዋሩት ያንኑ ሸክም ነው። «አንቺን ስወልድ ትምህርቴ ተቋረጠ» ማለትና «የ17 ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የሚያግዘኝ ሳይኖር፣ ትምህርትና ሕፃን አንድ ላይ አቃተኝ» ማለት ለሚሰማው ልጅ ሰማይና ምድር ናቸው። በመጀመሪያው ጥፋተኛዋ እሷ ነች። በሁለተኛው ጥፋተኛ የለም፤ ለብቻው የማይቻል ሥራ ነው ያለው። ይህን ልዩነት ለማየት ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል።

ከዚያ ሁለተኛውን ስህተት ሠራሁ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ለአንድ ሳምንት እንቁላል ወይም የዱቄት ከረጢት እንደ ሕፃን እንዲንከባከቡ እንደሚያደርጉ ሰምቼ ነበር። እኔም 3 ኪሎ ዱቄት በጨርቅ ጠቅልዬ «ይኸው ልጃችሁ» አልኳቸው። የትም ሲሄዱ ይዘውት ሊሄዱ፣ ሌሊት በማንቂያ ደወል እየተነሱ «ሊያበሉት» ተስማማን። በመጀመሪያው ቀን ዓይንና አፍ ሣሉለት፣ ስም አወጡለት፣ ፎቶ ተነሱ። በሁለተኛው ሌሊት ደወሉ ጠፍቶ ሁለቱም ተኝተው አደሩ። በሦስተኛው ቀን «ልጃቸውን» ከወንድ ልጄ የስፖርት ቦርሳ ውስጥ፣ ከላብ ካልሲ ሥር አገኘሁት። ስቄያለሁ፣ አልዋሽም።

ብሽቀቴን ይዤ ሳነብ ግን የተማሩ ሰዎችም ከእኔ የባሰ እንደገጠማቸው አወቅሁ። በምዕራብ አውስትራሊያ 57 ትምህርት ቤቶች የተካፈሉበት፣ ከ2,800 በላይ ልጃገረዶችን እስከ 20 ዓመታቸው የተከታተለ ጥናት በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ከ13 እስከ 15 ዓመት ከነበሩት ልጃገረዶች ግማሽ ያህሉ የሚያለቅስ፣ ጡጦ የሚፈልግ ኤሌክትሮኒክ አሻንጉሊት ቅዳሜና እሁድ እቤታቸው ወስደው እንዲያሳድጉ ተደረገ። ዓላማው እርግዝናን መቀነስ ነበር። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ። አሻንጉሊቱን ከወሰዱት 8 በመቶዎቹ ወለዱ፣ ካልወሰዱት 4 በመቶ። ጽንስ ያቋረጡትም 9 በመቶ በ6 በመቶ ሆነው ተገኙ።

ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ። እኔ ከቤቴ ያየሁትን ልናገር፦ አሻንጉሊት ሰኞ ይመለሳል። ሁሉም ሰው ያይልሃል፣ ይስቅልሃል፣ «እስቲ ልያዘው» ይልሃል። እውነተኛው ሕፃን ግን በሦስተኛው ሳምንት ጠያቂው ሁሉ ወደየቤቱ ሲመለስ ካንተው ጋር ይቀራል። ዱቄቱ ይህን ሊያስተምር አይችልም ነበር።

ያስተማራቸው የእህቴ ልጅ ነው። ታናሽ እህቴ ስትወልድ ባለቤቷ ሥራው ራቅ ያለ ቦታ ስለነበር ሕፃኑ ሦስት ሳምንት እንደሆነው ወደ እኛ ቤት መጣችና ሦስት ወር ገደማ አብራን ቆየች። እኔ እህቴን ለማገዝ እንጂ ልጆቼን ለማስተማር ብዬ አልጠራኋትም። ያም ሳይሻል አልቀረም። እንደ ትምህርት ባዘጋጀው ኖሮ እንደ ዱቄቱ ይሆን ነበር።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጄ ሕፃኑን የምትይዘው ሲረጋጋና ሲተኛ ነበር፤ ማለትም ደስ ሲል። ማልቀስ ሲጀምር እኔ ዘልዬ እቀበላታለሁ። ሳላስበው ያንኑ የአሻንጉሊት ጨዋታ እያጫወትኳት ነው። አንድ ቀን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ እህቴ፣ «ተያት፤ አንቺን ማን ተቀበለሽ?» አለችኝ። ነገሩ ከነከነኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስታችንም ተነጋግረን አንድ ነገር ሞከርን። በማግስቱ ትምህርት በሌለበት ሌሊት እህቴ ወተቷን አልባ በጡጦ ታስቀምጣለች፣ ልጄ ተረኛ ትሆናለች፣ እኔ ከክፍሉ በር ውጪ ፍራሽ ዘርግቼ እተኛለሁ። ይህችን የመጨረሻዋን አትዝለሏት። እውነተኛ ሕፃን ለማስተማሪያ ተብሎ ከታዳጊ ልጅ ጋር ብቻውን አይተውም፤ ትልቅ ሰው እጁ የሚደርስበት ቦታ መኖር አለበት።

ሕፃኑ ያኔ ስድስት ሳምንት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። ልጄ በጡጦ አጠባችው። ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች አስገሳችው። ዳይፐሩን አየች፣ ቀየረችለት። ሁሉንም በትክክል አደረገች። እሱ ግን ማልቀሱን ቀጠለ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ድምጿ ሲለዋወጥ እሰማለሁ። መጀመሪያ «እሽሽ፣ እሽሽ፣ የኔ ጌታ» ነበር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ «ምን ሆንክ? ንገረኛ፣ ምን ሆንክ?» ሆነ። አርባ ደቂቃ ገደማ ሲሞላ፣ እኔ የማላውቀው ደረቅ ድምፅ፣ «በቃ! በቃ!» አለ። ተነስቼ ልገባ ስል ራሷ ወጣች፣ እጆቿ ባዶ። ሕፃኑን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኝታው ነበር። ትከሻዋ ላይ ያስመለሳት ወተት ደርቆ ነጭ ሆኗል። ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራትታ ተቀመጠች።

«እማ፣ ልወረውረው ነበር» አለችኝ። «እኔ ክፉ ነኝ?»

እኔም እንደ መጀመሪያው ቀን ላወራ፣ ላስተምር ምላሴ ተነስቶ ነበር። እግዜር ይመስገን፣ ያን ለታ ዝም አስባለኝ። ገብቼ ሕፃኑን አየሁት። እያለቀሰ ነው፣ ደህና ነው። ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩና የሠራችው ትክክል መሆኑን ነገርኳት። ደምህ ሲፈላ ሕፃኑን አደጋ በሌለበት ቦታ በጀርባው አስተኝቶ፣ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ብሎ ተንፍሶ መመለስ አባትና እናት ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ነገር ነው። የማይደረገው መነቅነቅ ነው። የሕፃን ራስ ከሰውነቱ አንፃር ከባድ ነው፣ አንገቱ ገና አልጠናም። ሲነቀነቅ አንጎሉ ውስጥ ደም ይፈስሳል፣ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል፣ ሊሞትም ይችላል። እንዲህ የሚያደርጉት ሁሉ ጨካኞች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ልክ በዚያች ሰዓት እንደ ልጄ እንቅልፍ ያጡ፣ የሚያደርጉት የጠፋባቸው ሰዎች ናቸው። የሕፃናት ለቅሶ ከፍ የሚለው በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ እንደሆነና በሦስተኛው፣ በአራተኛው ወር እየቀነሰ እንደሚሄድም ነገርኳት። ጠግቦ፣ ደርቆ፣ ታቅፎም የሚያለቅስበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ጥፋቱ የያዘው ሰው አይደለም።

ከዚያ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። «አንቺ የሁለት ወር ልጅ ሆነሽ አንድ ሌሊት አስቀምጬሽ ወጥቻለሁ። ደጅ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ክፉ እናት ነኝ ብዬ ነበር፤ እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገርኩም።»

«ከዛስ?»

«ከዛማ ተመልሼ ገባሁ።»

ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ከዚያ የምሽት ጥያቄዋ በኋላ እንዲህ ስትጠጋኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ትንሽ ቆይታ «አሁን እኔ ልግባ» ብላ ተነሳች።

እስካሁን ስለ ወንዱ ልጄ ብዙ እንዳልጻፍኩ አስተውላችሁ ይሆናል። እኔም ያኔ እንዲሁ ነበርኩ፤ ሦስተኛው ስህተቴ ይኸው ነው። ትምህርቱ ሁሉ ለሴቷ፣ እሱ ደግሞ ኳሱን ይዞ ይወጣል። አንድ ቀን «እኔን ለምንድን ነው የማታሳዪኝ?» ብሎ ጠየቀኝና አፈርኩ። የሴቷ ልጄ አባት እሷ ስትወለድ 18 ዓመቱ ነበር። አራት ወር እንኳ ሳይሞላት ጥሎን ሄደ። ለዓመታት ረግሜዋለሁ፤ አሁንም ትክክል አደረገ አልልም። ግን ሕፃን እንዴት እንደሚያዝ እንኳ ያሳየው ሰው አልነበረም። በያዛት ቁጥር ትጮሃለች፣ እኔም «አምጣት፣ አትችልም» እያልኩ እቀማዋለሁ። ወንድ ልጃችሁን እንደማይመለከተው አድርጋችሁ አሳድጋችሁት በኋላ «አባት ሁን» ብትሉት ከየት ያመጣዋል?

ወንዱ ልጄ ሌላ ዓይነት ተማሪ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያውን ዳይፐር ሲቀይር አፍንጫውን በሸሚዙ ሸፍኖ ሊያስመልሰው ደርሶ ነበር። በአራተኛው ግን ከእኔ ፈጠነ። ደብተር ይወዳልና መመዝገብ ጀመረ፦ ስንት ሰዓት ጠባ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ መቼ ተኛ፣ መቼ ተነሳ። በአንድ ቀንና ሌሊት 10 ጊዜ ጠብቶ አገኘው። አራስ ሕፃን በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባቱ የተለመደ ነው። «አንዱ ከነማስገሳቱ 35 ደቂቃ ቢፈጅ» አለ እርሳሱን እየነከሰ፣ «350 ደቂቃ። ወደ ስድስት ሰዓት ማለት ነው። እማ፣ ይሄ እኮ ሙሉ የትምህርት ቀን ነው!» ማስተኛት፣ ማጠብ፣ መቀየር ገና አልተቆጠሩም። አራስ ሕፃን በቀን ከ14 እስከ 17 ሰዓት እንደሚተኛ ሰምቶ «ታዲያ እናቱ መቼ ደከማት?» ይለኝ የነበረ ልጅ፣ በደብተሩ ላይ ረጅሙ እንቅልፍ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ መሆኑን ሲያይ መልሱን ራሱ አገኘ። ቀጥሎም የኪሱን ገንዘብ ከዳይፐር ወጪ ጋር አስተያየ። የአንድ ወሩ ለአራት ቀን አልበቃም። ይህን ሁሉ እኔ ብነግረው በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር።

እግረ መንገዴን ዕውቀቱንም አስጨበጥኳቸው። ማስፈራራት ብቻውን ምንም እንደማይሠራ ከመጀመሪያው ምሽት ተምሬያለሁ፤ ደግሞም አንድ ቀን ወላጅ፣ ወይም አክስትና አጎት መሆናቸው አይቀርም። ሕፃን ሁልጊዜ በጀርባው፣ ጠፍጣፋና ጠንካራ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ ይተኛል። እስከ ስድስት ወር የጡት ወተት ብቻ ይበቃዋል፣ ውኃም አይሰጠውም። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ «እስኪነጋ እንይ» አይባልም፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ነው። ሕፃኑን የሚነካ እጅ አስቀድሞ ይታጠባል። ወንዱ ልጄ እርግብግቢቱ ስትመታ ሲያይ ደንግጦ እጁን የሰበሰበው እስከ ዛሬ ያስቀኛል፤ ምነው እንዲህ መጠንቀቅ ለአዋቂ ሁሉ በተሰጠው።

ሌላው፣ ይህ ሁሉ እርግዝና እንዴት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚከላከሉት ከመነጋገር አያድናችሁም። ሌሊት ያለቀሰ ሕፃን የያዘች ልጅ የእርግዝና መከላከያን በምን ታውቃለች? እኔ አፌ አልፈታ ሲለኝ የማምናት ነርስ ጋር ሁለቱንም ይዣቸው ሄድኩ፣ መጠየቅ የፈለጉትን እንዲጠይቁም ወጣ አልኩላቸው። ነርሷ በልጃገረዶች ዕድሜ ማርገዝ ለእናትየዋም የራሱ አደጋ እንዳለው፣ በእርግዝና ጊዜ ከሚመጣ ከፍተኛ የደም ግፊት ጋር የተያያዘ የሚያንቀጠቅጥ ሕመምና ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ኢንፌክሽን ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ይልቅ በእነሱ ላይ እንደሚበረታ ከእኔ በተሻለ አስረዳቻቸው።

አንድ ነገር ፈርቼ ነበር። ሕፃኑ ሁለት ወር አካባቢ ሲሆነው ፈገግ ማለት ጀመረ። የመጀመሪያዋን ፈገግታ ያገኘው ወንዱ ልጄ ነው፣ ያውም ዳይፐር ሲቀይርለት። ቤቱ ሁሉ ጮኸ። እኔ ግን በሆዴ «በቃ፣ ያስተማርኩት ሁሉ ገደል ገባ፤ አሁን ሁለቱም ልጅ ያምራቸዋል» አልኩ። ለልጄ ይህንኑ ስነግራት ሳቀችብኝ። «እማ፣ ያምረኛል እኮ። ግን አሁን አይደለም» አለች። ደስታውን ደብቄ መከራውን ብቻ ባሳያት ኖሮ በመጀመሪያው ፈገግታ ውሸታም እሆን ነበር።

እህቴ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ያቺ የልጄ የክፍል ጓደኛ ወለደች። ጓደኞቿ ተሰብስበው ስጦታ ይዘው ሄዱ፣ ሕፃኗን ተቀባበሉ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ተመለሱ። ልጄ በሳምንቱ ብቻዋን ተመልሳ ሄደች። ማምሻውን ስትመጣ ትከሻዋ ላይ ያቺ ነጭ የደረቀች ወተት አለች።

«ምን ስታወሩ ዋላችሁ?» አልኳት።

«ምንም አላወራንም» አለች ሸሚዟን እያወለቀች። «እኔና አያትየዋ ሕፃኗን ያዝንላት፣ እሷ ተኛች።»